ታገኘ የተባለው ገንዳ

ልጅ ሳለሁ «ታገኘ» ማለት የከብት ማጠጫ ገንዳ ማለት ይመስለኝ ነበር። ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ባለው ግቢያችን፣ በረቱ አጠገብ ከአንድ ዋንዛ ግንድ የተቦረቦረ ረጅም ገንዳ ነበረን። እናቴ «ጥጆቹን ወደ ታገኘ ውሰጃቸው» ትለኛለች፤ እወስዳቸዋለሁ። ትምህርት ቤት የቤት ዕቃ ስም ጻፉ ስንባል «ታገኘ» ብዬ ጻፍሁና ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እያለቀስሁ ቤት ገባሁ።

ያኔ ሲመሽ ተረት የሚነግሩን የአባቴ አጎት አያ ካሴ ነበሩ። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ የኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ እየተወዛወዘ፣ እሳቸው ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ የጅቡንና የጦጣዋን ያጫውቱን ነበር። የዚያን ዕለት ግን ጅቡን ተዉት።

«ምነው አለቀስሽ?» አሉኝ። ነገርኋቸው።

«ታገኘ ሰው ነው» አሉ። «ገንዳውም ገንዳ አይደለም፤ ታንኳ ነው።»

እንዳጫወቱን፣ አባታቸው ቶሎ ቶሎ የሚበሰብስ የደንገል ታንኳ ቢሰለቻቸው፣ ታገኘ የሚባል ቤተ እስራኤላዊ አናጢ የእንጨት ታንኳ እንዲሠራላቸው ለመኑት። ግንዱ ሲጠረብ ሆዱ ላይ ተሰነጠቀ። ታገኘ ከወይራ ሰባት ወገበ ቀጭን ሽብልቆች ጠርቦ ስንጥቁን ግራና ቀኝ ነክሰው እንዲይዙት አደረገ፤ ጠብታ ውሃ አላስገባም። በዚያው ሰሞን ቤት ውስጥ ሕፃን በንዳድ ታመመ። መንደሩም «ባለእጁ በልቶት ነው» አለ፤ ቡዳ ነው ማለታቸው ነበር። ታንኳው አንድ ቀን እንኳ ሳይቀዘፍበት ከውሃው ተጎትቶ ወጣና ለከብት ተሰጠ።

«ሕፃኑ እኔ ነበርሁ» አሉ አያ ካሴ። «ይኸው ሸበትሁ፤ ማንም አልበላኝም። ያን ሸጋ ሰው ግን እኛ በላነው። ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ገንዳውን ታገኘ ያልሁት።»

እጅ ያለው መባል ስድብ የሆነበት አገር! ያኔ ልጅ ነበርሁና ገንዳው ታንኳ መሆኑ ብቻ ደንቆኝ ተኛሁ። ንዴቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

አድጌ የእንጨት ሥራ ተማርሁ። አያ ካሴ ካረፉ፣ የታገኘም ዘሮች ወደ እስራኤል ከሄዱ ቆይቷል። አምና ጎንደር ውስጥ ለሚከፈት ትርኢት ያ ገንዳ ተፈለገና ጥገናው ለእኔ ተሰጠኝ። እዚያው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየሁት ቤት ጓሮ አስቀምጬው፣ የስንት ዘመን ጭቃና ሻጋታ በለብ ያለ ውሃና በብሩሽ ሳስለቅቅ ሰነበትሁ። አንድ ቀን ከሆዱ ላይ ወገበ ቀጭን የወይራ ሽብልቅ ብቅ አለ። ከዚያ ሁለተኛው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ብሩሹን ጥዬ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁና አለቀስሁ። ተረቱ እውነት ነበር።

ሁሉንም ጽፌ፣ የታገኘን ስም ከላይ አስቀምጬ አስረከብሁ። ትርኢቱ ሲከፈት ግን ታንኳው ሥር እንዲህ የሚል ጽሑፍ ቆሞ አገኘሁ፦ «በፖርቱጋሎች እንደተሠራ የሚገመት ጥንታዊ ጀልባ።»

የትርኢቱን ኃላፊ ፈልጌ ያዝሁት።

«እህቴ፣ ተረት ማስረጃ አይሆንም» አለኝ ፈገግ ብሎ።

«ፖርቱጋሉንስ ማን አየው?»

«እኛም እኮ ይገመታል ነው ያልነው።»

ለፖርቱጋሉ ግምት ይበቃዋል፤ ለታገኘ ሰባት ሽብልቅም አይበቃው! እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ከመጣ የባለእጁ ነው፤ ሸጋ ነገር ከተገኘ ደግሞ የፈረንጅ። ይህንኑ በሰው ፊት ጮክ ብዬ ነገርሁት፤ ዘበኛ ጠርቶ አስወጣኝ። ደብዳቤም ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። ጽሑፉ ዛሬም እዚያው ነው።

ከአያ ካሴ ተረቶች ጅቡም ጦጣዋም ከልቤ ጠፍተዋል፤ የቀረኝ ይኼ ነው። የዚያን ሰው ስም ለከብት ማጠጫ መስጠታችን ለብዙ ዓመት ሲያሳፍረኝ ኖሯል። ግን እናቴ ጥጆቿን ባጠጣች ቁጥር ስሙ ይጠራ ነበር። አሁን ታንኳው በእኔው እጅ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል፤ ታገኘ ብሎ የሚጠራው ግን የለም።