«ቀይዋ ካያክ ትበቃኛለች»

ባለፈው ቅዳሜ ለሰርግ ተጠርቼ አዳማ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ከአጥሩ ሥር አፈር ተሞልታ አበባ የተተከለባት አጭር የፕላስቲክ ጀልባ አየሁ። አስተናጋጁን «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ስለው «የልጆች መጫወቻ ነበረች መሰለኝ፣ ጋሼ» አለኝ። ምን ያድርግ፣ እሱ አላጠፋም። እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

የልጆች መጫወቻ አይደለችም። ካያክ ትባላለች፤ ያውም በሚናጥ ወንዝ ላይ ማዕበል ለመጋለብ የተሠራች። ርዝመቷ ከአንድ ሰው ቁመት ብዙም አያልፍም። ቀዛፊው ሲያሻው ውኃ ውስጥ እየነከረ እንዲሽከረከርባቸው አፍንጫዋና ጅራቷ ስስ ናቸው። ከወገብ በታች ውስጧ ስለሚገባ፣ ጀልባ ላይ መቀመጥ ሳይሆን ሱሪ መልበስ በሉት። ሱሪው ልክ ካልሆነ ምን እንደሚከተል ደግሞ እኔን ጠይቁኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ያደግሁት ወንጂ፣ አባቴ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ፣ ዋና የተማርኩት መጀመሪያ በመስኖው ቦይ፣ ኋላ በአዋሽ ነው። እግዜር እኔን ሲፈጥር አልሰሰተም፤ ቁመቴም ወርዴም ከሰው በላይ ነበር፣ ኪሎዬም መቶን አልፎ ሄዷል። የሰፈር ሰው «ግንቡ» ይለኝ ነበር። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር፤ እኔ አገዳው ውስጥ እንዳልገባ።

በዚያ ዘመን አንድ አስጎብኚ ድርጅት እንግዶችን በጎማ ጀልባ አዋሽ ላይ ሊያንሸራሽር ተነሣ። ከጎማ ጀልባዎቹ ጎን በካያክ እየሄደ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚያወጣ ሠራተኛ ፈለገ፤ አንድ ብቻ። ለመጨረሻው ፈተና የቀረነው እኔና አብሮ አደጌ ተሾመ ነበርን። ተሾመ ቀጭን ነው፣ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል። ፒተር የሚባል ፈረንጅ አንድ ሳምንት ሊያሠለጥነንና በመጨረሻው ቀን አንዳችንን ሊመርጥ መጣ።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ከአዳማ ተነሥተን በወለንጪቲ አድርገን ወደ መተሐራ ወረድን። ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፤ መስኮቱን ብንከፍተው አቧራ፣ ብንዘጋው ወበቅ። መንገድ ላይ ፓፓያ ገዝተን እየሰነጠቅን በላን፤ ጭማቂው እስከ ክርናችን ወረደ። መኪናውን የሚነዱት ኦቦ ገመቹ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ አስተርጓሚያችንም እሳቸው ነበሩ። እኔ ሥራው የእኔ መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ በዋና ተሾመ አጠገቤም አይደርስ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ፒተር ሁለት ካያክ አወረደ፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ቢጫ። ቢጫዋ ሆዷ ሰፋ፣ ጀርባዋ ወፈር ያለች ናት። ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ።

«ትልቋን ትፈልጋለህ ወይ? ይልሃል» አሉ ኦቦ ገመቹ።

እኔ ባደግሁበት ቤት ሰው ሲጋብዝህ በመጀመሪያው አትቀበልም። ራብ አንጀትህን እየቆረጠው «በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፣ «ግድ የለም» ትላለህ፣ «አፈር ስሆን!» ሲል ያኔ እጅህን ትታጠባለህ። የተሻለውን ዕቃ በመጀመሪያው ጥያቄ፣ ያውም ጓደኛ ፊት፣ ዘው ብሎ መውሰድ ስግብግብነት ነው። ስለዚህ ዓይኔን ከቢጫዋ ሳልነቅል፣

«ኧረ ግድ የለም፣ ቀይዋ ትበቃኛለች» አልኩ።

ከዚያም «በሞቴ» እስኪለኝ ጠበቅሁ። ፒተር በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ቢጫዋን ለተሾመ ሰጠው። ተሾመም ዝም ብሎ ተቀበለ።

ቀይዋ ውስጥ የገባሁት እየተንፏቀቅሁ ነው። የእግሬ ጣቶች ተጣጥፈው ቀሩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከጉልበቴ በታች ያለው እግር የእኔ አልነበረም። የረጋ ውኃ ላይ እንኳ ጅራቷ ይሰምጣል። ጅረቱ ጎኗን በነካ ቁጥር ትገለበጣለች። ጫማ ሲጠብህ ነጋዴው «ሲረገጥ ይለቃል» ይልሃል፤ እኔም ራሴን እንደዚያ አጽናናሁ። ፕላስቲክ ግን አይለቅም። ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነበር። ደረቅ ላይ ገብቼ ዳሌና ጭኔን ሳታስጨንቅ መያዟን፣ ጣቶቼ መዘርጋታቸውን፣ ከዚያም የረጋ ውኃ ላይ ከፊትና ከኋላ እኩል መንሳፈፏን አይቼ፣ ካልሆነ አልሆነችም ማለት። ይቺን ታህል ለመናገር አፌ ተሳሰረ።

በሦስተኛው ቀን መኮሮኒ እየበላን ኦቦ ገመቹ እግሬን አዩት።

«አንተ ልጅ፣ አብጧል እኮ። ልንገረው እንዴ?»

«ኧረ እንዳይነግሩት! ሰበብ ፈለገ ይለኛል።»

«ፈረንጅ ‹በሞቴ› አያውቅም። አይ ካልከው አይ ነው፣ አለቀ። ራስህ ጠይቀው።»

«ነገ እጠይቀዋለሁ» አልኳቸው። ነገ ሲመጣም «ነገ» አልኩ።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ፤ ፈተናው ማዕበል መጋለብና፣ ቢገለበጡም ከካያኳ ሳይወጡ መልሶ መቃናት ነበር። ማዕበሉ ላይ ወጣሁ፤ ለጥቂት ሴኮንድ ወንዙ ከሥሬ እየጮኸ እየነጎደ እኔ ባለሁበት ቆምኩ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም። ወዲያው አፍንጫዋ ሰመጠና ተገለበጥኩ። ታችኛው ግማሼ እንደ ቡሽ ተወትፎ፣ እግሬ ደንዝዞ፣ ቀና ላደርጋት ሦስቴ ታገልኩ፤ ሦስቴም መልሳ ጣለችኝ። የጉልበቴን ቆዳ ትቼላት ወጣሁና፣ የወንጂው ዋናተኛ፣ የአዋሽን ጭቃ ውኃ እየተፋሁ ዳር ደረስኩ። ተሾመም ተገለበጠ፤ እሱ ግን ተመልሶ ተነሣ። ሥራው የእሱ ሆነ።

«ትበቃኛለች ብለኸኝ ነበር እኮ» አለኝ ፒተር በኦቦ ገመቹ አፍ። እውነቱን መሆኑ ነው ያቃጠለኝ።

ኅዳር ላይ አገዳ ቆረጣ ገባሁ። ዛሬ የቆራጮች ኃላፊ ነኝ፤ አገዳው ግን ያው አገዳ ነው። ከተሾመ ጋር በሰርግም በለቅሶም እንገናኛለን፤ ያን ሳምንት ግን አንሥተነው አናውቅም።

ከሆቴሉ እንደተመለስኩ ቢሾፍቱ ለሚኖረው ለተሾመ ደወልኩለት።

«ተሼ፣ ቢጫዋ ካያክ ትዝ ትልሃለች?»

«እሷን ደግሞ ለምን ታነሣብኛለህ!» አለ። «ሰፍታኝ አይደል እንዴ፣ ዳሌዬ ላይ ሁለት ፎጣ ወትፌ ነበር የምቀዝፈው። ሳምንቱን ሙሉ እንለዋወጥ ልልህ ስል፣ ስል...»

«ታዲያ ለምን አላልከኝም?»

«አንተ ትበቃኛለች ብለህ የመረጥካትን? ምን ዓይን አለኝ?»

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ተናድጃለሁ፣ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ። ፒተርን ለዓመታት ረግሜዋለሁ፤ ሰውየው ጠየቀኝ እንጂ ምን በደለኝ? እኔና ተሾመ ጎን ለጎን፣ አንዳችን የሌላችንን ልክ ለብሰን፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ስንከባበር ከረምን። አባቴም እኔን አገዳው ውስጥ እያየ ሞተ።