ዶክተር ሳሙና

የክሊኒኩ አጣቢ አፍ የላትም ይሏት ነበር። ሥራዋ ላይ ግን ዓይኗ መርፌ ነው። በሽተኞች አንሶላ ከየቤታቸው ይዘው ስለሚመጡ፣ እንዳይቀያየርባት በየጠርዙ ክር ትሰፋለች፤ ለገበያው ሰፈር ሰማያዊ፣ ለድልድዩ ሰፈር ቢጫ፣ ለወፍጮ ቤቱ ሰፈር ቀይ።

ተቅማጥና ትውከት የበረታ ሰሞን፣ ከቆሸሹት አሥራ አንድ አንሶላዎች ዘጠኙ ባለቀይ ክር ሆኑባት። እጇን አደራርቃ ኃላፊው ቢሮ ገባችና የወፍጮ ቤቱ ሰፈር ውሃ ይታይ አለች። ኃላፊው እጁን በነጭ ጋዋኑ ኪስ ከቶ ሳቀ።

"ደግሞ አንሶላ መመርመር ጀመርሽ? ዶክተር ሳሙና!"

ስሙ በዚያው ተለጠፈባት። ዘበኛው ሳይቀር "ዶክተር፣ እንዴት አደሩ?" ይላት ጀመር።

በሳምንቱ ከዚያው ሰፈር ታናሽ እህቷን በቃሬዛ አመጧት። ሁለት ቀን አልቆየችም። ከቀብር መልስ የእህቷን አንሶላ አጣቢዋ ራሷ አጠበችው። ቀዩ ክር የእጇ ስፌት ነው። አንሶላውን ጨምቃ ጨምቃ ጠብታ ካጣች በኋላ እንኳ አልለቀቀችውም። ሁሉም ይሰማል፣ መጨረሻ የሚሰማው ያ የሳቀው ኃላፊ ይሆናል ስትል ማለች።

በማግስቱ ማለዳ የወፍጮ ቤቱን ሰፈር የውሃ ጠባቂ ይዛ ወደ ሰፈሩ የውሃ ታንከር ሄደች። ክዳኑ ተሰንጥቆ የቦይ ውሃ ሲገባበት አገኙት፤ ጠባቂው እዚያው ዘጋው። ከዚያ ለሰፈሩ መምህር ነገረች፤ ተማሪዎቹ እስከ ምሳ ሰዓት ውሃ አፍሉ እያሉ ቤት ለቤት አዳረሱ። ጋሪ ነጂዎቹ ከድልድዩ ሰፈር ንጹሕ ውሃ በበርሜል አመላለሱ። ከውሃ ጠባቂው ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ ያን ቀን ግን በርሜሉን አብረው ሲያወርዱ ዋሉ። ነርሷ የውሃ ማከሚያውን አደለች። ሁሉም ኃላፊው ያውቃሉ ወይ እያሉ ይጠይቋታል።

"ለእሳቸው እኔ እነግራለሁ" ትላለች። በበሩ ታልፋለች፤ አትገባም።

ሐሙስ ኃላፊው ስብሰባ ጠራ። ከበላይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዋ መጥተዋል። አጣቢዋ የልብስ ቅርጫቷን ይዛ በሩ ጥግ ቆመች። ኃላፊው ወረቀቱን ዘርግቶ የበሽታው ምንጭ ገና አልታወቀም ብሎ አነበበ። የውሃ ጠባቂው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ጌታዬ፣ ከዘጋነው እኮ ሦስተኛ ቀናችን ነው።"

መምህሩም፣ ጋሪ ነጂዎቹም የሠሩትን ተናገሩ። ነርሷ ከትናንት ወዲህ አዲስ በሽተኛ አልመጣም አለች። ኃላፊው ወረቀቱን ያጥፈው ይዘርጋው ጠፋው። ተቆጣጣሪዋ ማን ነገራችሁ ሲሉ፣ ሁሉም ባንድ አፍ "ዶክተር ሳሙና" አሉ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አላት ኃላፊው።

"ነግሬዎት ነበር። ሳቁ።"

የተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲፋጭ ይሰማል።

"አሁን ጋዋንዎን ይስጡኝ፤ ሐሙስ የእጥበት ቀን ነው" አለች አጣቢዋ።

አውልቆ ሰጣት። አጠበችው፣ ተኮሰችው፣ በማግስቱም ወንበሩ ላይ ሰቀለችለት። ከአንገቱ በስተኋላ ቀይ ክር ሰፍታበታለች። ለባሹ አያየውም፤ ከኋላው የሚሄድ ሁሉ ግን ያየዋል።