ከግድቡ ሥር የሚበርደው ውሃ

ነሐስ ሲመታ ድምፁ መጀመሪያ የሚገባው በጆሮ ሳይሆን በጉልበት ነው። ሽማግሌው ታኦ ጓንግሊ ይህን ያወቁት ገና ጎልማሳ ሳሉ፣ በጎርፉ ዓመት ነበር።

መንደራቸው ሻንግዋን ከወንዙ ወለል ዝቅ ብሎ፣ ከረጅሙ የአፈር ግድብ ሥር ተቀምጧል። በዝናቡ ወራት ወንዙ ሲሞላ የመንደሩ ወንዶች ተራ እየገቡ፣ የቀርከሃ ዘንግ ይዘው፣ ጫማቸውን አውልቀው የግድቡን እግር በባዶ እግራቸው እየዳሰሱ ይጓዙ ነበር። ሣርና ውሃ በተቀላቀለበት ቦታ ዓይን ብዙም አይረዳም። እግር ግን ያውቃል። ፀሐይ የዋለበት የማሳ ውሃ ለብ ያለ ነው፤ ከወንዙ ሆድ ግድቡን ሰርስሮ የሚመጣው ውሃ ግን ይበርዳል። እግሩን ድንገት የበረደው ሰው ቆም ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ያያል። የሚወጣው ውሃ የጠራ እንደ ሆነ አሸዋና ጠጠር ከምረውበት ሲጠብቁት ያድራሉ። የደፈረሰ እንደ ሆነ ግን የግድቡን የገዛ አፈር ይዞ እየወጣ ነውና መመካከር የለም። ነሐሱ ይመታል፤ ሰው ሁሉ ወደ ግድቡ አናት ይሮጣል።

በዚያ ዓመት ደፍርሶ የወጣውን ውሃ ያገኙትም፣ ክብ የነሐስ ሳህኑን በእንጨት መዶሻ የመቱትም ታኦ ነበሩ። ቀዳዳው አውራ ጣት አያስገባም። የቆፈረው ክሬይፊሽ ነው፤ ያ ከሸርጣን ወገን የሆነ፣ መቀስ የመሰሉ ሁለት ክንዶች ያሉት የጭቃ ፍጡር። በዚያን ዘመን ማንም ወደ አፉ አያስጠጋውም፤ ገበሬው በመኮትኮቻ እየጨፈለቀ ለዳክዬ ይጥለው ነበር። ታኦ ልጃቸውን ቺንሸንግን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ሚስታቸው ሹዌጂያኦ ግን ከግድቡ አናት ከደረሰች በኋላ የእርሻ ጎሻቸው ታስሮ መቅረቱ ትዝ አላትና “መጣሁ፣ አንዴ ልፍታው” ብላ ወረደች። ጎሹ በማግስቱ ከሩቅ መንደር ሣር ሲግጥ ተገኘ። እሷ አልተገኘችም።

ያ የነሐስ ሳህን፣ ጠርዙ ላይ ያለችው ሽራፊ ሳትቀር፣ ዛሬ የተሰቀለው በፔይ የክሬይፊሽ ምግብ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው።

እዚያ የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው። ካቻምና በዝናቡ ወራት ታኦ ማሳቸው ዳር እግራቸውን በረዳቸው፤ ደነገጡና ነሐሱን መቱ። መንደሩ በሙሉ ዶሮውንና ብርድ ልብሱን እንዳቀፈ ግድቡ ላይ ወጥቶ ዝናብ ሲደበድበው ዋለ። በኋላ ቢታይ፣ ለካ የጎረቤት የጉድጓድ ውሃ መሳቢያ ጎማ ተቀዶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የሽማግሌው ስም “ጋሽ ነሐስ” ሆነ። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ከየደጁ አንድ ቀልደኛ ድስት ይመታል። ቺንሸንግ አፈረ። አንድ ቀን አባቱ በሌሉበት ነሐሱን ከግድግዳ አወረደና ለፔይ ሰጣት፤ እሷም ትልቁ ገበታ ከማድ ቤት በወጣ ቁጥር ትመታዋለች። ደንበኛው ያጨበጭባል። ታኦ በበኩላቸው በዚያ በር ማለፍ ትተው በጓሮ መንገድ መዞር ጀመሩ።

አንድ ዝናባማ ማምሻ ግን ከዚያ ቤት መቅረት አልቻሉም። ቺንሸንግ ከግድቡ ሥር ባለው በአባቱ የሩዝ ማሳ ዙሪያ ክሬይፊሽ የሚያረባበት ቦይ አስቆፍሯል። ሩዙ መሐል፣ ክሬይፊሹ ዳር፤ አገሩ ሁሉ እንጀራ የሚበላው በዚህ ነው። ደንቡ ቦይ ከግድቡ እግር ይራቅ ይላል፤ የቺንሸንግ ቦይ ደግሞ ተጠግቶ፣ እጅግ ተጠግቶ ነው የተቆፈረው። ስለዚህ የግድቡ ዘበኛ ፋን ዩሊያንግ አይቶ እንዳላየ እንዲያልፍ መጋበዝ ነበረበት፤ ማሳው በስማቸው የሆነው አባትም ከገበታው ቀርበው ጽዋ ማንሣት ነበረባቸው። ሽማግሌ ከእንግዳ ጋር ጽዋውን ከጨለጠ ቃሉን ሰጠ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የለም።

ከአዳራሹ ጎን ባለችው የእንግዳ ክፍል፣ ገና ከበሩ ሲገቡ የወንበር ትግል ተነሣ። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው ወንበር የክብር ነውና ፋን ታኦን ይጎትታል፣ ቺንሸንግ ፋንን ይጎትታል።

“ኧረ ጋሽ ታኦ እያሉ እኔ እዚያ ብቀመጥ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ በጥፊ ትለኛለች!” አለ ፋን።

“አንተ እንግዳ ነህ፣ ጋሼ ፋን! ዛሬ ያንተ ቀን ነው!”

በመጨረሻ ታኦ ተሸነፉና ተቀመጡ። በሩን እያዩ፣ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው። ውጭ ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም። ከአዳራሹ በኩል ደግሞ በሰማያዊ ሣጥን የተደረደሩት በሕይወት ያሉ ክሬይፊሾች እርስ በርስ ሲቧጨሩ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ ይላሉ። ሌላው ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ምራቁን ይውጣል። ታኦ የሚሰሙት በሣር ውስጥ የሚቆፈር አፈር ነው።

ድዉም!

ታኦ ጠረጴዛውን ጨበጡ። ፔይ መዶሻውን በሽርጧ መቀነት ሽጉጥ አድርጋ፣ ጎድጓዳውን ሳህን በሁለት እጇ ተሸክማ ገባች። ዘይቱ ይንጣጣል፤ ክሬይፊሾቹ ፍም መስለው ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከደረቁ በርበሬና ምላስ ከሚያደነዝዘው ቁንዶ በርበሬ ጋር ተቆልለዋል።

“አባባ፣ ነሐስዎ እኔ ጋ ደህና ነው፤ በየቀኑ እወለውለዋለሁ” አለች እየሳቀች። “ዛሬ እንኳ አንዷን ይቅመሱልኝ! ለዚህች ብሎ ሰው ከሩቅ ከተማ በባቡር ይመጣል፤ እርስዎ ጎረቤቴ ሆነው የኮመጠጠ ጎመን ይቆረጥማሉ?”

“ሆዴ አይችለውም፣ ልጄ።”

“ሆድዎ አይደለም፣ ልብዎ ነው!” ፋን የላስቲክ ጓንቱን እያጠለቀ ሳቀ። “ምነው እንደ አማት ያፈጥጡባቸዋል? ሞተዋል እኮ! አይቆፍሩም!” የአንዱን ክሬይፊሽ ጭንቅላት ጠምዝዞ ነቀለ፣ ጭማቂውን መጠጠ፣ ጭራውን በአንድ ጣት ፈለቀቀና ጎረሰ። ቀዩ ዘይት በክርኑ ወረደ።

ታኦ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። በሆዳቸው ግን ለማንም ያልነገሩት ነገር አለ። ቀትር ላይ፣ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ አዲሱን ቦይ ሊያዩ ሄደው ሱሪያቸውን ሰብስበው ገብተውበት ነበር። ከአሮጌው የአኻያ ጉቶ አጠገብ ሲደርሱ ውሃው ከላይ ለብ እንዳለ፣ ከታች በጣቶቻቸው መሐል አንድ ቀዝቃዛ ነገር ሽው አለ። ቆሙ። ጎንበስ ብለው አዩ። ውሃው ደፍርሷል፤ የገዛ ጣታቸው አልታያቸውም። ደንግጠው ከቦዩ ወጡ። ወዲያው ደግሞ ራሳቸውን ተቆጡ። ቦይ ነው፤ ቦይ መቼም ጭቃ አያጣም። እግሬም አርጅቷል፤ ከምድጃ አጠገብ ተቀምጬም ይበርደኛል። ካቻምናም በረደኝ ብዬ አልነበረም? አሁን ደግሞ ልጄ ስንት የለፋበትን ነገር፣ በእንግዳው ፊት፣ “በረደኝ” ብዬ ላፍርስበት?

ይህን ብለው ወደ ግብዣው መጡ። የዝናቡ ድምፅ ግን በመስኮቱ በኩል ጀርባቸውን እየገፋ ነው።

“ፋን፣ ልጄ” አሉ በመጨረሻ፣ “ዛሬ ግድቡ ላይ ማን አለ?”

“መሣሪያው አለ!” ፋን በዘይት የራሰ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀሰረ። “ወንዙ ከሞላ ስልኬ ላይ ይጮኻል። በዝናብ ውስጥ በባዶ እግር መሄድ ቀረ፣ ጋሽ ታኦ! እኛ እድለኞች ነን፤ ሪህ ሳይዘን እንሞታለን።”

“መሣሪያው የሚያየው የወንዙን ከፍታ ነው። የግድቡን ሥርስ?”

“አባባ!” አለ ቺንሸንግ በለሰለሰ ድምፅ፤ ዓይኑ ግን ይለምናል። “ዛሬ እንኳ ይተዉት።”

ተዉት። የኮመጠጠ ጎመናቸውን አኘኩ፤ ጣዕሙ ጠፋቸው።

ቺንሸንግ፣ ክሬይፊሽ የበላበትን ጓንት ሳያወልቅ፣ የማሽላ አረቄውን በሦስቱም ጽዋ ቀዳ። ፊቱ እንደ ክሬይፊሾቹ ቀልቷል፤ የሚናገረው ለፋን ነው፣ የሚፈልገው ግን አባቱ እንዲሰሙለት ነው። “ጋሼ ፋን፣ ያንን ቦይ አንድ ቀን ወርደህ ብታየው! ሌላው ሰው በዚህ ሙቀት ክሬይፊሹ እየሞተበት ያለቅሳል። የኔ ቦይ ግን በራሱ ይቀዘቅዛል! ጉቶው ጋ ያለውማ፣ እግርህን ስትከት ምንጭ ውስጥ የገባህ ይመስልሃል። ዛሬ ጥዋት ገብቼበት መውጣት ነው ያቃተኝ። እንደዚያ ያለ ውሃ ማን አለው?”

“እድል ነዋ!” አለ ፋን፣ ሌላ ጭራ እየፈለቀቀ።

ታኦ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። እንግዲያ የአሮጌ እግር ቅዠት አይደለም። ልጃቸውም በርዶታል፤ በርዶት ደስ ብሎታል። በጎርፉ ዓመት ሕፃን ስለ ነበር በትከሻ ላይ ሆኖ ነው ያለፈው፤ እግሩ ውሃውን አልነካም። ማንስ አስተማረው? እሳቸው ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ በቤታቸው አንሥተው አያውቁም።

“እንግዲህ አባባ” አለ ቺንሸንግ፣ ተነሥቶ ጽዋውን በሁለት እጁ ይዞ፣ “ለጋሼ ፋን፣ ለቦያችንም።”

ፋንም ተነሣ። ጽዋውን ከሽማግሌው ጽዋ ዝቅ አድርጎ፣ በአክብሮት፣ ጠበቀ።

ታኦ ጽዋውን አነሡ። መልሰው አስቀመጡት።

“እኔም ቀትር ላይ ገብቼበት ነበር” አሉ። “በረደኝ።”

የፋን ሳቅ ፈነዳ። “ኧረ ፔይ! አንቺ ፔይ! ነይ ስሚ! ጋሽ ነሐስ በረዳቸው!”

ፔይ ከበሩ ብቅ አለች፤ መዶሻው አሁንም በመቀነቷ ነው። “ደግሞ የማን ጎማ ተቀደደ?” አለችና እሷም ሳቀች። “አባባ፣ ዶሮዎቼን ልሰብስብ ወይስ እስክዘጋ ይታገሡኛል?”

ታኦ ቀና ብለው አላዩዋትም። ሳቁ ፊታቸውን እንደ ጥፊ አጋለው፤ ከሳቁ በላይ ግን የሚሰማቸው ዝናቡ ነበር። ዓይናቸውን ከልጃቸው ላይ ሳያነሡ፣ “ቺንሸንግ” አሉ፣ “ጥዋት ስትገባ ውሃው ምን ይመስል ነበር? የጠራ ነበር ወይስ ድፍርስ?”

“አባባ፣ እባክዎን . . .”

“ይህን ብቻ ንገረኝና ጽዋውን እጠጣልሃለሁ።”

ቺንሸንግ በረጅሙ ተነፈሰ። “ጥርት ያለ። ከታች ያለው ጠጠር ይቆጠር ነበር።”

“ቀትር ላይ እኔ ጣቴ አልታየኝም።”

“ቦይ መቼም ይደፈርሳላ!” አለ ፋን፤ ጽዋውን ግን ዝቅ አደረገ። “አዲስ ቦይ አይደል?”

“ከቆፈርነው ሰንብቷል” አለ ቺንሸንግ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ። “ከእኛ በቀር ከብቱም፣ ሰውም አልገባበትም። ሲሰነብት ይጠራል እንጂ . . .” አልጨረሰውም። “አባባ፣ ያኔ . . . እናቴ ስትወርድ . . . ውሃው ድፍርስ ነበር?”

ታኦ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሚሳቅ ነገር ጠፋ። ፋን ስልኩን በዘይታማ ጓንቱ ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ “አልጮኸም እኮ” አለ፣ እንደሚለምን ሁሉ። “ቢሆንማ ይጮህ ነበር። አይደል?”

ቺንሸንግ ቆሞ እንዳለ የግራ እጁን ጓንት ሳበ፤ ከዚያ የቀኙን። ቀዩ ዘይት በነጩ የጠረጴዛ ጨርቅ ላይ ተንጠባጠበ። አቀርቅሮ ከጠረጴዛው ሥር የአባቱን እግሮች አየ፤ በጨርቅ ጫማ ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ይንቀጠቀጡ ነበር።

“ኧረ ወዴት ነው? ጽዋው እኮ . . .” አለ ፋን።

ቺንሸንግ በሩ ጋ ደረሰ። ፔይ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንደ ቀረ ዞር አለችለት። መዶሻውን ከመቀነቷ መዘዘና፣ ለእንግዳው ሳይሰናበት፣ ነሐሱ ወደ ተሰቀለበት ወደ አዳራሹ ወጣ።