ትርንጎ ስለ ኪኒኗ ስትጠይቀኝ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም መሻሬን እናገራለሁ፣ ሰው ማማቴን እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ሳላለቅስ ነው የምነግራችሁ፤ ካለቀስኩ ታዝኑልኛላችሁ፣ እኔ ደግሞ እንዲታዘንልኝ አልፈልግም።

ሥራዬ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን ማጥናት ነው። ዶክትሬቴን ከጨረስኩ በኋላ ውጭ አገር ካለ ላብራቶሪ ጋር ምርምር ጀመርኩና የደም ናሙና ልሰበስብ ወደ እንጅባራ መጣሁ። የማጠናው ሉፐስ የሚባለውን በሽታ ነበር። በዚህ በሽታ፣ ሰውነትን ሊጠብቅ የተፈጠረው መከላከያ ዞሮ የገዛ ባለቤቱን ያጠቃል፤ ቆዳውን፣ መገጣጠሚያውን፣ ኩላሊቱን። ኪኒን አለው፤ ከሥሩ ባይነቅለውም ያስታግሰዋል። ለእኔ ችግር የሆነብኝም እሱ ነው። ኪኒን የሚወስድ ሰው ሕዋሳት ጸጥ ይላሉ፤ እኔ የምፈልገው በሽታው እንደ ልቡ የሚፈነጭበትን ደም ነበር። በሽታው የታወቀለት ሰው ሁሉ ደግሞ ኪኒን ላይ ነው።

ትርንጎን ያገኘኋት ያኔ ነው። ዳንግላ ጎረቤታችን ነበረች፤ ሕፃን ሳለች አዝያታለሁ። እንጅባራ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ሉፐስ እንዳለባት ባሕር ዳር ተነግሯት ኪኒን ስትወስድ ከርማ፣ ባሏ ዓለምነህ በጥርባ በኩል ካለ ጠበል አስገባት። አብረዋት የሚጠመቁት ሴቶች፣ በጠበል ላይ ኪኒን መዋጥ እምነት ማጉደል ነው አሏት። ተወችው።

የመጀመሪያውን ደም ሰጠችኝ። ሕዋሳቱን መሣሪያው ላይ ሳያቸው፣ ወይ ጉድ! ሳነበው የኖርኩት ነገር ፊቴ ላይ ተዘረጋ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ለጥናቱ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚቀዳ ሌላ ደም ያስፈልግ ነበር፤ እሱም ኪኒን ያልነካው።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ አንድ ረፋድ ላይ በዚያ ዝናብ በባጃጅ መጣች። ፊቷ አብጧል። ጫማዋ አልገባ ብሏት ተረከዙን ረግጣ ነው የገባችው። ሉፐስ ያለበት ሰው እግሩና ፊቱ ሲያብጥ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ኩላሊቷ ነው። አይቼ፣ አውቄ ነው ወንበር የሳብኩላት።

የጠየቀችኝ በአዊኛ ነበር። «እትዬ፣ አጥማቂውን አባ ጠየቅኳቸው። ኪኒኑም የእግዚአብሔር ነው፣ ከጠበሉ ጋር ብትወስጂው ኃጢአት የለውም፤ ግን የተማረ ሰው ጠይቂ አሉኝ። ሴቶቹ ደግሞ እንዴት ተደርጎ ይላሉ። ጨነቀኝ። አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

ቄሱ ፈቅደውላት ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው አንዲት ቃል ናት፤ ውሰጂ። ለምን አላልኩም? ናሙናው እንዳይበላሽብኝ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ። በአዊኛ ለጠየቀችኝ በአማርኛ መለስኩላት፤ እናቷ ባሳደጓት ቋንቋ ልዋሻት አፌ እንቢ ብሎኝ ይሆናል።

«እንደ እምነትሽ ነው፣ ትርንጎዬ» አልኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ገላገልሽኝ» አለችና ተነሥታ ወጣች። ተዪው ያልኳት መስሏታል፤ ከዚያ በኋላ ኪኒኑን አልነካችውም።

በቀጠሮዋ ቀን መጣች። ክንዷ አብጦ ደም ሥሯ አልገኝ አለኝ፤ ደጋግሜ ወጋኋት። አይዞሽ እያልኩ ወጋኋት። የፈለግኩትን ደም አገኘሁ። በዚያው ሰሞን ወደቀች። ባሕር ዳር አደረሷት፤ ሁለቱም ኩላሊቶቿ መሥራት አቁመው ነበር። አልተረፈችም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የላብራቶሪ ሰው ነኝ ልል እችላለሁ። እምነቷን አከበርኩ ልልም እችላለሁ። ኧረ ምን እምነት! እኔ ያከበርኩት የራሴን ጥናት ነው። ኪኒኑን ብትቀጥል በእርግጥ ትድን ነበር ወይ ካላችሁኝ፣ አላውቅም። ዕድሉ ግን ነበራት፤ ዕድሏን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ውጤቱን በጉባኤ ሳቀርብ አጨበጨቡልኝ፤ የዛሬውን ሥራዬንም ያገኘሁት በእሱ ነው። የትርንጎ ስም የትም የለም። ደንቡ ስለሚከለክል ነው፤ ለእኔም ተመቸኝ።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ዓለምነህ ከሰው ለይቶ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። «እትዬ፣ ያን ኪኒን ብትውጥ ትተርፍልኝ ነበር? እኔ ነኝ ጠበል ያስገባኋት። እኔ ነኝ የገደልኳት» አለኝ። ጉልበቴን ሊይዝ ጎንበስ አለ። ያኔስ? ያኔ እንኳ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ «በቃ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አልኩት።

ለእናንተ መናገሬ ድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ እናንተ አታውቋትም፣ ስለዚህ ይቀላል። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የዓለምነህ ነው። እንጅባራ ገበያ ላይ ሲያየኝ ዛሬም አንገቱን ይደፋል፤ የገደላት እሱ ይመስለዋል።