ከዳማው ኋላ
እትዬ ደብሪቱ ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መንደር ጎረቤታችን ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ቤት እየዋልኩ ውሃ እቀዳላቸው ነበር።

አንድያ ልጃቸው ሀብቱ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። መርዶው ሲመጣ በእጃቸው የቀረው ፈረሱ ዳማው ነበር። በእኛ ዘንድ ሬሳው ሩቅ የቀረ ሰው በፈረሱ ይለቀስለታል። ፈረሱ ተጭኖ፣ የሟቹ ጋቢ ከላይ ተደርጎበት፣ የለቅሶውን ሜዳ ይዞራል፤ እናት ከኋላው እየተከተለች ልጇን ትሸኛለች። ዘመድ ከአዘና እስኪሰበሰብ ተብሎ ቀን ተቆረጠ።

እስከዚያው እትዬ ደብሪቱ እህል አልቀምስ አሉ። በረት ገብተው ፈረሱን በአገውኛ ሲያዋሩት ይውላሉ። ስማቸው የሚባለው ወንድማቸው ፈራና ዳንግላ ወስዶ ለክሊኒኩ ድሬሰር አሳያቸው። እኔም ደግፌያቸው ሄጄ ነበር።

“ነርቭ ነው፤ ይህን ሲውጡ ሐዘኑ ይቀልልዎታል” አለ ድሬሰሩ፣ ክኒን በወረቀት እየጠቀለለ።

“ልጄ ሞቶ ነው እኮ።”

“አውቃለሁ እናቴ፤ በሽታ ሆኖብዎት ነው።”

“እንግዲያ ለእናትህም አስቀምጥላት፤ አንተም ሟች ነህ።”

ስማቸው አፈረ።

የለቅሶው ዕለት ጠዋት ክኒኑን አብዝቶ በወተት ሰጣቸው። “መሬት ላይ ስትፈጠፈጥ ትሞትብኛለች” አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እህቱን ይወዳል።

ሜዳው በሰው ሞላ። አልቃሿ ሀብቱን በስሙ ስትጠራ ዳማው ጆሮውን አቆመ። ከኋላው ማንም ሳይከተለው ዞረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ደብሪቱ ነቁ። ግድግዳ ይዘው በረት ገቡ። በፈረሱ ጀርባ ላይ ኮርቻው ያወጣው ላብ ደርቋል፤ በእጃቸው ዳሰሱት።

“ዞረ?”

“ዞረ፣ እትዬ።”

“ማን ተከተለው?”

ጎንበስ ብዬ ለዳማው ሣር ጨመርኩለት።

ለቅሶ ሁለቴ አይጠራም። ከዚያ ወዲያ እህል በሉ፣ ገበያ ወጡ፤ ሰዉም “ዳነች” አለ። እንባቸውን ግን አላየሁም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ ጠዋት ዳማውን ጭነው፣ የሀብቱን ጋቢ አልብሰው፣ በባዶው ሜዳ ሲጎትቱት አየኋቸው። እንስራዬን አስቀምጬ ልጓሙን ተቀበልኳቸው። ወደ ኋላ ቀሩና ልጃቸውን በስሙ ይጠሩ ጀመር። ድምፃቸው ማዶ ይሰማ ነበር።

ስማቸው ከአጥሩ ሥር ቆሞ አየን።

“ተመልሶባታል” አለ። ክኒን ሊያመጣም የዳንግላን መንገድ ያዘ።