በእጄ ያዞርኩት መብራት

አስራ ሁለተኛ ክፍል በነበርንበት ዓመት ሞጣ መብራት ጠፍቶ፣ የሰፈራችን ሰው ስለ መጥፋቱ ማውራት እስኪተው ድረስ ቆየ። ስልክ የሚሞላው ሰው ጄኔሬተር ጋ ተሰልፎ ነው። ላምባም ከተገኘ በስንት ልመና። ታናሽ ወንድሜና እኔ አንድ ክፍል ነበርን። በአንድ ዓመት ብበልጠውም፣ እናታችን የታመመች ጊዜ ትምህርት አቋርጬ ስለነበር ደርሶብኝ ነው። ቀናችን በትምህርትና በእናታችን ሱቅ ያልቃል። የሚጠናው ከመሸ በኋላ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ጨለማ ነው።

አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየን። ክፍሉ ሁሉ ደብተሩ ላይ ገልብጦ ተወው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ነገር ከያዘኝ አይለቀኝም፤ እናቴ «ግትር» የምትለኝም ለዚህ ነው። ከተበላሸ ቴፕ ድምፅ ማጉያ ማግኔቱን ነቅዬ በመዶሻ ሰበርኩት፤ ስባሪዎቹን ረጅም ምስማር ላይ በሙጫ አጣበቅኋቸው። ከተቃጠለ የሬዲዮ ትራንስፎርመር ፀጉር የሚያህል ሽቦ ፈትቼ፣ ጣቴ እስኪላጥ ካርቶን ላይ ጠመጠምኩ። ለአሮጌ ብስክሌት ጎማ እጀታ አበጀሁለትና ከምስማሩ ጋር በላስቲክ አገናኘሁት። ጎማው አንዴ ሲዞር ምስማሩ በሽቦው ጥቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሾራል።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ወንድሜ «በይ እንግዲህ ወጥ እንሥራበት» ብሎ ሳቀብኝ። ለካ የሽቦው ጫፍ ላይ ያለውን ቀለም በምላጭ መፋቅ ረስቼ ኖሯል። ፋቅሁትና አዞርኩት፤ የእጅ ባትሪዋ ትንሽ አምፖል በራች። እናታችን እልልታዋን አቀለጠችው።

ችግሩም ወዲያው ታየ። መብራቱ የሚኖረው ሰው እስካዞረ ድረስ ብቻ ነው። አምፖሉ ሳይያያዝ እጀታው እንደ ልብ ይዞራል፤ ሲያያዝ ይከብዳል። የሚያዞር ሰው ደግሞ እስክሪብቶ አይዝም። በተራ እናዙር ተባባልን። ወንድሜ ሲያዞር ግን ክንዱ ቶሎ ይዝላል፣ መብራቱም ይርገበገባል። «እታለም፣ አንቺ ስታዞሪው እኮ ቀጥ ይላል» ይለኛል። እኔ ሞኟ ደስ ይለኛል። የሠራሁት ነገር ሲመሰገን እኔው ራሴ የተመሰገንኩ ይመስለኝ ነበር። ቀስ በቀስ የእኔም ተራ፣ የእርሱም ተራ የእኔ ሆነ።

ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር። ባዮሎጂውም ሲቪክሱም በጆሮዬ ገባ። ሒሳብ ግን በጆሮ አይገባም። «ኤክስ ወደዚያ ሲሄድ ኔጌቲቭ ይሆናል» ሲል እሰማለሁ፤ ልሞክረው ስል እጄ እጀታው ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሒሳብ ጽፌ፣ ሰርዤ፣ ደግሜ ጽፌ ካልሆነ አይገባኝም።

ፈተናው ክረምት ከገባ በኋላ ተሰጠ። ወንድሜ አለፈ። እኔ ወደቅሁ፤ የጣለኝም ሒሳቡ ነው። ማንንም አልወቀስኩም። እርሱ መሐንዲስ ሆነ፤ እኔ ቢቸና አግብቼ እህል እነግዳለሁ። ኑሮዬ ክፉ አይደለም። ሥራዬ መሆን የነበረበት ግን ሌላ ነው፤ ይህን ስናገር አላፍርም። እስከ ዛሬ የተበላሸ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል።

በቅርቡ በገበያ ቀን መብራት ጠፋ። ከሱቄ ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ሥራውን አላቋረጠም። እግሩ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሁለት እጁ ጨርቁ ላይ ነው። ጤፍ እየሰፈርኩ ነበር፤ ጣሳው እጄ ላይ ቀረ። እግሬ! ያን ሁሉ ምሽት እግሬ ወንበር ሥር ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር። ሞጣ እኮ ልብስ ሰፊ የሞላበት ከተማ ነው፤ በየቀኑ ትምህርት ቤት የምሄደው በፊታቸው አልፌ ነበር። በእግር የሚረገጥ ባደርገው ኖሮ ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጽፍ ነበር። ገበያተኛዋ ሴት «ምን ሆንሽ?» እስክትለኝ ድረስ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ።

ወዲያው ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አብሮኝ የሚስቅ ሰው ፈልጌ ነው። ስነግረው ግን አልሳቀም።

«አስቤው ነበር» አለኝ።

«መቼ?»

«ያኔ። ሱሪ ላሳጥር ሄጄ፣ ልብስ ሰፊው ሲረግጥ አይቼ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ፈትተሽ እንደገና እስክትሠሪው ስንት ቀን ጨለማ እንቀመጣለን ብዬ ነው፣ እታለም። ፈተናው ደርሶ ነበር።»

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ቆይቷል እኮ» አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት።

«ዓቢይ ጾም ሳይገባ» አለኝ።

ጾሙ አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ግንቦትና ሰኔ አለፉ፤ እኔ አዞራለሁ፣ እርሱ እያወቀ ያነባል። ስድብ አፌ ላይ መጣ፤ አልሰደብኩትም። «በል ደኅና ዋል» ብዬ ዘጋሁት። ሁለት ምሽት ጨለማ ብንቀመጥ እጨርሰው ነበር።