የኮሳኩ አለቃ ጫማዬ ውስጥ ሰጠመ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ስደረድር እሱን ዘልዬዋለሁ። ዛሬ የሰው ጫማ አድርጌ ቤቴ ባልመጣ ኖሮ ይዤው እቀበር ነበር።

ከቅዳሴ ስወጣ በር ላይ ከተደረደረው ጫማ መሃል ጥቁሩን አንስቼ አደረግኩ። ሰፋኝ። ዶክተሬ ክብደት ቀንስ ሲለኝ የሰማው እግሬ ብቻ መሰለኝና ደስ አለኝ። በዚያው ደስታ በበረዶው ውስጥ ቻምበርስ ሮድ ድረስ ነዳሁ። አፓርታማዬ ፊት ፓርክ አድርጌ ገብቼ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ሳወልቀው፣ ከአፍንጫው ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ወደቀ። የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ነው። ጫማ ሲሰፋው ወረቀት የሚጠቀጥቅ ሰው በኮሎራዶ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ታደሰ። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በወጣትነታችን ሩሲያ ስንማር፣ አንድ ክፍል ስንኖር።

ታደሰ ያን ጊዜ ኢንጂነሪንግ ይማራል ይባል እንጂ ልቡ ደብተሩ ላይ ነበር። የአንድ ኮሳክ አለቃ ሕይወት በአማርኛ ይጽፋል። ኮሳኮች በሩሲያ ጠረፍ፣ ለማንም ጌታ አንገዛም ብለው በፈረስና በጀልባ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ይህ አለቃ ሰዎቹን ይዞ ተራራ ተሻገረ፤ ጀልባዎቹን ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው በየብስ እያስጎተተ ካርታ ያልደረሰበት የሳይቤሪያ ዱር ገባ። ያገኘውን መንደር ዘረፈ። በመጨረሻም የብረት ጥሩሩ ከብዶት ወንዝ ውስጥ ሰጠመ። መጻሕፍቱን ለታደሰ የምታወጣለት ኒና ነበረች፤ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ። ሊያገባት ነበር።

እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ ማሞቂያውን ተደግፈን ያነብልኛል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ፤ ወንዙ በመስኮታችን ሥር የሚያልፍ ይመስለኛል። ያ ማሞቂያ፣ ከታች የሚመጣው የጎመን ሽታ፣ "ይሄን ስማ፣ ይሄን ስማ" የሚለው ድምፁ ይናፍቁኛል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሞቀኝ ቤት የለም።

"ለዘረፋቸው ሰዎች ይጸጸታል ወይስ አይጸጸትም?" እያልኩ እነዘንዘው ነበር።

"መጨረሻው ላይ ታገኘዋለህ፤ ታገስ።"

መጨረሻውን ጻፈ። ለእኔ ግን አላነበበልኝም። ኒናን መናፈሻ ወስዶ ወደ ሩሲያኛ እየመለሰ አነበበላት። ከዚያ እሁዶቹም የእሷ ሆኑ።

አንድ ቀን ታደሰ በሌለበት፣ የተዋስኩት ቡት ጫማ ሰፋኝ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከኋላው አሥራ አንድ ገጽ ቀድጄ ጠቀጠቅኩበት። ባዶ መስሎኝ ነው ብዬ ለራሴ ስንት ዓመት ነገርኩት? አልመሰለኝም። ጽሑፉን አይቻለሁ። ጋዜጣ አልጋዬ ሥር ተከምሮ ነበር። እያየሁ ቀደድኩት፤ እኔ ነኝ የቀደድኩት። ቀኑን ሙሉ በረዶ ላይ ስረግጠው ዋልኩ። አለቃው አንዴ በወንዝ ሰጥሞ ነበር፤ እኔ በእግሬ ላብ ደግሜ አሰጠምኩት። ቀለሙ እግሬን ሰማያዊ አድርጎት ሳምንት ሙሉ ካልሲ ሳላወልቅ ተኛሁ። አለቃው ተጸጽቶ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። መልሱን ተጫምቼዋለሁ።

"ማን ገብቶ ነበር?" አለኝ ታደሰ ደብተሩን እያገላበጠ።

"ኒና መጥታ ነበር።"

መጥታም ነበር፤ የረሳችውን ሻርፕ ልትወስድ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ምን ያስፈልጋል? ስለ አለቃው "ይሄ ሰውዬህ ከእኔ በለጠብህ" እያለች ስትቀልድበት ሰምቷታል። ጠየቃት፤ አለቀሰች፤ ለቅሶዋን እንደ ማመን ቆጠረው። ተለያዩ። እሁዶቼ ተመለሱልኝ፤ የሚነበብ ግን አልነበረም። ታደሰ ደብተሩን ከዚያ ወዲያ አልነካውም።

ዛሬ ከልጁ ጋር ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ይኖራል። አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሚስቱንም ቀብሯል። በረዶ በጣለ ቁጥር ግን "ኒና ምን ነክቷት ነው የቀደደችው?" ይለኛል። እኔም "ቅናት ይሆናል" እለዋለሁ፣ የቀናው ማን እንደሆነ እያወቅኩ።

ወረቀቱን ይዤ እንደተቀመጥኩ ስልኬ ጮኸ።

"አንተ ሌባ፣ ጫማዬን።"

"አንተስ የማንን አደረግክ?"

"ያንተን ነዋ። ጣቴን አጥፌ ነው የነዳሁት። ልጄ ሳነክስ አይታ ኢመርጀንሲ ልትወስደኝ ነበር።"

"እሁድ አመጣልሃለሁ፣ ታዴ።"

"ወረቀቱን እንዳትጥለው ብቻ። ያለሱ ይወልቅብኛል።"

ስቄ ዘጋሁት፤ ከዚያ እስክሪብቶ ፈለግኩ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ልጅነት ነው ብለህ አትፍታኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ብርድ ነው ብለህም አትፍታኝ። ታደሰ ይህን ካነበበ በኋላ ላያናግረኝ ይችላል፤ ያኔ እሁዶቼ ለሁለተኛ ጊዜ ይሄዳሉ። ይሂዱ። ኒና በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ለእሷ የምመልሰው ጫማ የለኝም።

የሱፐርማርኬቱን ማስታወቂያ ጣልኩት። በምትኩ ይህን የጻፍኩትን አጣጥፌ ጫማው አፍንጫ ውስጥ እጠቀጥቃለሁ፤ ሲያደርገው ጣቱ ይነግረዋል። የቀደድኩበት አሥራ አንድ ገጽ ነው። ይሄ ሦስት ነው። ስምንት ይቀረኛል።